ኧቨር፦ እንግሊዝኛ ውስጥ ብዙም የማይሰማው «አስረግጦ የመናገር» ግስ

እንግሊዝኛ ውስጥ ኧቨር (aver) የሚባል ግስ አለ፣ ቡና እየጠጣ የሚለው ሰው የለም፣ ጋዜጣ ላይም አልፎ አልፎ ነው ብቅ የሚለው። አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ አስረግጦ መናገር ማለት ነው። ከኤቨርና ከኦቨር ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ይሄኛው ሲነበብ ድምፁ መጨረሻው ላይ ነው የሚጠብቀው፣ ከ«ሰር» ጋር ቤት ይመታል።

ምንጩ ላቲን ነው። ቬሩስ እውነት ማለት ነው፣ እሱ በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ገባ። አካውንቱ ቬሪፋይድ ነው የምንላት ቬሪፋይ፣ ቨርዲክት፣ ኧረ ቬሪ ራሷ ሳትቀር የዚሁ ዘር ናቸው።

ቃሉ በደንብ የሚኖረው ግን ፍርድ ቤት ነው፣ በተለይ ስኮትላንድ። እዛ ከሳሽ በክሱ ላይ የሚዘረዝራቸው ፍሬ ነገሮች ኧቨርመንት ይባላሉ፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እዛ ላይ ያልሰፈረን ነገር በኋላ ምስክር አቁሜ ላስረዳ ቢል የሌላው ወገን ጠበቃ ብድግ ብሎ ይቃወመዋል። በቀጥታ የማያውቀውን፣ ግን ከሌላ ነገር ተነስቶ የደረሰበትን ሲጽፍ ደግሞ «ቢሊቭድ ኤንድ ኧቨርድ» ይላል፣ ይታመናል፣ አስረግጠንም እንላለን እንደማለት። ተከሳሹም የማያውቀው ነገር ከሆነ አላውቀውም አላምንለትምም ብሎ ይመልሳል።

እኛ ጋር ለኧቨር ቅርብ የሆነችው የክስ ማመልከቻ መጨረሻ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ነች። ራፖር ጸሐፊ ጋር ሄዶ ክስ ያጻፈ ያውቃታል፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ ተብሎ ይፈረማል። ያቺ «አረጋግጣለሁ» ለኧቨር ካየኋቸው ትርጉሞች ሁሉ የምትጥመኝ ነች፣ «አወጀ» ብለው የሚተረጉሙት ግን አይዋጥልኝም፣ አዋጅ ሌላ ነገር ነው።

መሐላም አይደለም ደግሞ። የሚምል ሰው እግዚአብሔርን ወይ ሕጉን ይጠራል፣ ኧቨር ያደረገ ግን በራሱ ቃል ብቻ ነው የቆመው፣ ውሸቱን ሊሆንም ይችላል። ከአሌጅ (allege፣ ሳያረጋግጡ እንዲህ ነው ማለት) የሚለየው ደግሞ አሌጅ ጋዜጠኛ «እኔ የለሁበትም፣ ተባለ ነው» ሲል የሚጠቀማት ስለሆነች ነው፣ ኧቨር ላይ ተናጋሪው ሽንጡን ገትሮ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ከኋላው ዛት ይከተላል አለቀ። ብዙ ጊዜ የሚገባው ስለ ሌላ ሰው ሲወራ ነው፣ ጠበቃው እንዲህ ሲል ኧቨር አደረገ ዓይነት። ለአለቃችሁ ኢሜይል ስትጽፉ ግን አይ ኧቨር ብትሉ ሰውየው የተከሰሰ ሊመስለው ይችላል፣ ሴይ በቂ ነች።