«ታይፎይዴ ተነሳብኝ» እና ሌሎች ከባሕር ዳር ወላጆች አፍ የማይጠፉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ከጠባ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በጤና ጣቢያችን ላቦራቶሪ መስኮት ከምሰማው ንግግር ሁሉ የሚበዛው «ሲስተር፣ ታይፎይዱንም እግረ መንገድሽን እዪልኝ» የሚለው ነው። ሐኪሙ ያዘዘው የወባ ምርመራ ነው፤ እናትየዋ ግን ውጤቱን ከቤቷ ይዛው መጥታለች። እሷም ታይፎይድ አለባት፣ ባለቤቷም አለበት፣ ጎረቤቶቿም አለባቸው፣ ስለዚህ የልጇ ትኩሳት ሌላ ሊሆን አይችልም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ብሆንም የሁለት ልጆች እናት ነኝና ሌሊቱን የሚያቃጥል ልጅ ታቅፎ ያነጋ ወላጅ ጭንቀት አይጠፋኝም። ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ጭንቀቱ ሳይሆን በየዓመቱ ሳይታረም የሚመለሰው ያው ስሕተት ነው። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

«ጉንፋን የያዘው ልጅ አይከተብም።» ይከተባል። ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስከለክልም።

«የክትባት ቀጠሮ ካለፈ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።» አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በ9 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ያመለጠው ልጅ ነገ ዛሬ ሳይባል ይምጣ፤ በ15 ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን ዙር የሚረሳው ወላጅ ደግሞ ከሁሉም ይበዛል።

«ለምለም ተቅማጡን ስላላቆመው አልሠራም።» የለምለም ሥራ ተቅማጥ ማቆም አይደለም፤ ከልጁ ሰውነት የወጣውን ውኃና ጨው መተካት ነው፤ ልጅን የሚገድለውም የውኃው ማለቅ ነው። አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፣ አብሮ የሚታዘዘው ዚንክም ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይሰጣል። በሲኒ እየገመቱ መበጥበጥ ይቅር።

«የጣናን ውኃ አፍልተን ስለምንጠጣ ቢልሃርዝያ አያገኘንም።» ማፍላቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቢልሃርዝያ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። ከዳር ዳሩ ቀንድ አውጣ የወጣው ጥገኛ ውኃ ውስጥ የቆመውን ልጅ እግር በስቶ ይገባል። ሐይቅ ዳር ለሚዋኝና ልብስ ለሚያጥብ ልጅ የሚጠቅመው በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው የቢልሃርዝያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነውና በዕደላው ቀን ልጅዎን አያስቀሩ።

«ወባ የሚመጣው እሸትና አገዳ በመብላት ነው።» ይህኛው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። እሸት የሚደርስበትና ወባ የሚበረታበት ወቅት አንድ ነው፤ ከዚያም አልፎ የበቆሎ አበባ ብናኝ ያቆረ ውኃ ላይ ሲረግፍ ለወባ ትንኝ እጭ ምግብ ይሆናል፤ በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባ እንደሚበዛ አሳይቷል። እንግዲህ አባቶቻችን ያዩት ነገር ነበር፤ የተሳሳቱት በቆሎ በላተኛውን በመክሰሳቸው ነው። ልጅዎ እሸቱን ይብላ፤ ማታ አጎበር ውስጥ ይተኛ። ትንኟን ፍለጋም ወደ ቆሻሻ ቱቦ ብቻ አይመልከቱ፤ የወባ ትንኝ የምትወደው ጥርት ያለ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ያልተንቀሳቀሰ ውኃ ነው፤ የከብት ኮቴ ያጎደጎደው፣ ጭቃ የተማሰበት ጉድጓድ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው ኩሬ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ ወባ የቆላ በሽታ ነው ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ በአገሪቱ 150,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው የደንቢያ ሜዳም ወባ ደጋግሞ የፈጀው አገር ነው።

«ታይፎይዴ ተነሳብኝ።»

ታይፎይድ እውነተኛና አደገኛ በሽታ ነው፤ ይህን የምጽፈው ለማናናቅ አይደለም። ባክቴሪያው በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባል፣ ከገባ በኋላም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳቱ ይጀምራል፤ ካልታከመ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል። የምቃወመው በሽታውን ሳይሆን አንድ ጊዜ ከገባ ዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ተኝቶ፣ ፀሐይ ሲመታ፣ ሲርብ፣ ሲደክም ወይም ብርድ ሲያገኝ ብድግ የሚል ባለዕዳ አድርጎ ማሰቡን ነው። ከሕክምና በኋላ በሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያገረሽ ይችላል፤ ይህ የታወቀ ነው። ጥቂት ሰዎችም ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ለዓመታት ይኖራሉ፤ እነዚህ ግን ሌላውን በምግብ በኩል ይበክላሉ እንጂ እነሱ ራሳቸው በየሦስት ወሩ አይተኙም። «ታይፎይዴ» ብሎ በሽታውን እንደ ከብት በስሙ የሚጠራ ሰው ስሰማ፣ ስንት ጊዜ ምን ሳይታወቅ እንደታከመ አስባለሁ።

የዚህ ሁሉ ምንጭ አንዲት ወረቀት ናት። በየክሊኒኩ «የታይፎይድ ምርመራ» የሚባለው ፈረንሳዊው ሐኪም ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል፤ ከልጁ የተቀዳው ደም በማሽን ይሽከረከርና ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ፈሳሽ ይወሰዳል፤ ከእሱ አንድ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረጋል፤ በአንዱ ላይ ሰማያዊ፣ በሌላው ላይ ቀይ ቀለም ያለው የምርመራ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ስላይዱን ለአንድ ደቂቃ ያህል እያወዛወዝን ወደ ብርሃን አስጠግተን እናያለን። ድብልቁ እንደ ለስላሳ ቀለም ከቆየ ኔጋቲቭ፣ አሸዋ እንደተበተነበት ከተቋጠረ ፖዘቲቭ ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ሂደት ውስጥ ባክቴሪያ ያየ ሰው የለም። ያየነው አንቲቦዲ ነው፤ ማለትም ሰውነት ከዚህ ባክቴሪያ ወይም ከሚመስሉት ዘመዶቹ ጋር በሆነ ጊዜ ተገናኝቶ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት። ከዓመታት በፊት የታመመ፣ የተከተበ፣ ሌላ የሳልሞኔላ ዓይነት የያዘው፣ ሌላው ቀርቶ ወባ ያለበት ሰው ደሙ ሊቋጠር ይችላል። እንደኛ ባለ የውኃው ነገር አስተማማኝ ባልሆነበት አገር ጤነኛውን ሁሉ ሰልፍ አስይዘን ብንመረምር ፖዘቲቭ የሚወጣው ትንሽ አይሆንም። በሽታውን በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያስችለው ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ በየሰፈሩም አይገኝም።

ከታይፎይድ ጎን ሁልጊዜ የሚጻፈው «ታይፈስ» ደግሞ የባሰ ነው። ሁለቱ መንትዮች ይመስል አብረው ይታዘዛሉ፣ አብረውም ፖዘቲቭ ይወጣሉ፤ አንዱ ግን በምግብና በውኃ ሲመጣ ሌላውን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ልጃቸው ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ንጹሕ አልጋ ላይ እየተኛ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ሲመጣ ቅማሉ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ለታይፈስ የሚደረገው ምርመራ ጭራሽ የታይፈስን ተሕዋስ አይጠቀምም፤ ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ተውሶ በመመሳሰል የሚገምት ነው። በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ የተባለውን በሽታ ግን በማይክሮስኮፕ በዓይናችን እናየዋለን፤ ተጨናንቀው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ትኩሳቱ ሄድ መለስ ሲል የደም ፊልም (ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ማስደረግ ተገቢ የሚሆነው ለወባ ብቻ አይደለም።

አባይ ማዶ የምትኖረው እህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ጀመረው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የግል ክሊኒክ ደሙ ታይቶ የአንቲቦዲውን መጠን የሚገልጽ 1፡160 የሚል ቁጥር ተጻፈ፤ ታይፎይድ ተባለና በየቀኑ የሚወጋው የሴፍትሪያክሶን መርፌ ታዘዘ። መርፌው እየተወጋ ትኩሳቱ አንድ ቀን እየዘለለ ይመለስ ነበር። ቤቴ ሲመጡ ጣቱን ወግቼ የደም ፊልሙን ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳየው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ነበር። እህቴን ያስገረማት ወባ መሆኑ አልነበረም፤ «ታዲያ ታይፎይዱስ?» ነው ያለችኝ። ታይፎይዱ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ያ ልጅ ያለ ፋይዳ የተወጋው አንቲባዮቲክ ግን እውነተኛ ነበር፤ እንዲህ በየቦታው የሚባክነው መድኃኒት ነው አንድ ቀን በእርግጥ ታይፎይድ የያዘውን ልጅ አላድን የሚለው።

«ተነሳብኝ» የሚለውን ቃል በሐቅ የሚያሟላ በሽታ ካለ ይኸው ቫይቫክስ ነው። በጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ አዲስ ትንኝ ሳትነክስ ይመለሳል። ለዚህ ነው ለ3 ቀን በሚሰጠው ክሎሮኪን ላይ ለ14 ቀን የሚዋጥ ፕሪማኪን የሚጨመረው፤ ለነፍሰ ጡርና ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን አይሰጥም። ልጁ በ3ኛው ቀን ኳስ መጫወት ሲጀምር የቀረው መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ጥር ላይ ትኩሳቱ ሲመለስ ደግሞ «ታይፎይዱ ተነሳበት» ይባላል። በፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ወጥቶ ከታከመ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ፖዘቲቭ ሲባል የሚደነግጥ ወላጅም አለ፤ ፋልሲፓረም የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ፈጣን ምርመራ ጥገኛው ከሞተም በኋላ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል በዚህ ጊዜ መታየት ያለበት የደም ፊልም ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ሲያተኩስ ማንኛውንም አንቲባዮቲክ ከመስጠትዎ በፊት ይምጡ። ምርመራ በስም አይዘዙ፤ ለሐኪሙ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ እንዴት እንደሚመላለስ፣ በቅርብ ወደ የትኛው ገጠር እንደሄዳችሁ፣ ምን እንደወሰደ ይንገሩ። የመጀመሪያው የደም ፊልም ኔጋቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ካልበረደ በማግሥቱ ተመልሰው ያስደግሙ። ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ግን ወረፋ አይጠብቁ፤ ካርድ ክፍል ሳይቆሙ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

«መርፌ ያልተወጋ ልጅ አልታከመም።» መዋጥ ለሚችል ልጅ ሽሮፕና እንክብል በቂ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

«ጤና ጣቢያ ምንም አያገኝልህም፤ መድኑም በከንቱ የሚከፈል ብር ነው።» ይህ ከላይ ካልኩት ጋር አንድ ክር ነው። ጤና ጣቢያ «ምንም አያገኝም» የሚባለው ታይፎይድ የሚል ወረቀት ስለማይሰጥ ነው፤ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ የመድን ደብተር የያዘ ቤተሰብ ደብተሩን ትቶ ከኪሱ ከፍሎ ወረቀቱን ሊገዛ ይሄዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. የአማራ ክልልን ጨምሮ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ የታሰበውም ደመወዝተኛ ላልሆነው ነጋዴና ገበሬ ነው። ያልታመመ ሰው መዋጮ ለታመመው ጎረቤት ይውላል እንጂ አይመለስም፤ ዕድርም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚያስኬድ ሕመም ሲሆን ሪፈር ይጻፋል፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሄዶ «መድኔን አልተቀበሉኝም» ብሎ መቆጣት ተገቢ አይደለም። ሪፈር ሲጻፍልዎ የመድን ደብተሩን፣ የደም ፊልሙ ውጤት የተጻፈበትን ወረቀትና ልጁ የጀመረውን መድኃኒት ከነማሸጊያው አብረው ይውሰዱ፤ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እነዚህን ነው።