የሚያየው ዕውር፣ የማያየው ንጉሥ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የግሪክ አሳዛኝ ተውኔት ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ዐይን፣ ቀን፣ ፀሐይ፣ ጨለማ የሚል ቃል በመጣ ቁጥር ከሥሩ አስምሩ። በግሪካዊው ባለ ተውኔት በሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ» ላይ ይህን ያደረገ ሰው ገጹ ቶሎ በመስመር ይሞላበታል።

«የአረማውያን ተውኔት ለክርስቲያን ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲሰብክ የግሪክ ባለቅኔዎችን ቃል ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)። ቅዱስ ባስልዮስም ወጣቶች የግሪኮችን መጻሕፍት ሲያነቡ፣ ንብ ከአበባ መርጣ እንደምትቀስም እነርሱም የሚጠቅመውን ይዘው የቀረውን እንዲተዉ መክሯል። ለእኔ ይህ በቂ ፈቃድ ነው።

እነዚህ ተውኔቶች በአቴና ከተማ አክሮፖሊስ በሚባለው ኮረብታ ግርጌ በሚገኘው የዲዮኒሶስ ቲያትር፣ ጣሪያ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ ይታዩ ነበር። መብራት የሚያጠፋ፣ መጋረጃ የሚጋርድ የለም። ስለዚህ ጨለማው በሙሉ በንግግር መምጣት ነበረበት፤ ተመልካቹ ፀሐይ እየመታው ስለ ጨለማ ይሰማል።

ታሪኩ የሚጀምረው በቴብስ ከተማ መቅሠፍት ወርዶ ነው። ግሪኮች ትንቢት ከሚጠይቁበት ከዴልፊ ቤተ ጣዖት የመጣው ቃል የቀድሞውን ንጉሥ የላይዮስን ገዳይ አስወግዱ ይላል። አሁን የነገሠው ኤዲፐስ ነገሩን ከሥሩ መርምሬ ወደ ብርሃን አወጣዋለሁ ብሎ ይምላል። ስፊንክስ የተባለችውን አውሬ እንቆቅልሽ ፈትቶ ከተማዋን ያዳነ ብልህ ነው፤ በዐይኑም በአእምሮውም ይተማመናል። ዐይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ ገዳዩ አንተ ነህ ሲለው ንጉሡ በዕውርነቱ ይሰድበዋል። ሽማግሌው ደግሞ ዐይን እያለህ ያለህበትን መከራ አታይም ይለዋል። ብርሃንና ጥላ እዚህ ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ የሚያገኘው እያንዳንዱ ማስረጃ ወደ ራሱ ያመለክታል። ሳያውቅ አባቱን ላይዮስን የገደለ፣ የላይዮስን ሚስት እናቱን ዮካስታን ያገባ እርሱ ነው። እውነቱ ሲገለጥ ብርሃንን ለመጨረሻ ጊዜ ልይህ ብሎ ይጮኻል፤ ወደ ውስጥ ገብቶም በዮካስታ ልብስ መርፌዎች የገዛ ዐይኖቹን ያጠፋል።

አንድ ነገር ግን ለዚህ ሰው ልመስክርለት። ዮካስታ ምርመራውን ተው ብላ ለምናዋለች፤ እርሱ ግን አልተወም። ብዙዎቻችን በእርሱ ቦታ ብንሆን ልመናዋን በደስታ እንቀበል ነበር። በንስሐ አባት ፊት እንኳ የቀለለውን ተናግረን የከበደውን ይዘን የምንመለስ ሰዎች ኤዲፐስን ለመፍረድ አንቸኩል።

አሁን ያንኑ እርሳስ ይዛችሁ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ክፈቱ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው፣ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ይጠይቃሉ። ሳይወለድ ጀምሮ ዕዳ የተጻፈበትን ኤዲፐስን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ጥያቄ ላይ ሳይቆም አያልፍም። ጌታችን ግን እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ይላል፤ ጭቃ ለውሶ ዐይኑን ቀብቶም ወደ ሰሊሆም ይልከዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር በመስመር ተከተሉ። የተፈወሰው ሰው መጀመሪያ «ኢየሱስ የሚባለው ሰው» ይላል፤ ቀጥሎ «ነቢይ ነው»፤ ከዚያም ከእግዚአብሔር ባይሆን ምንም ሊያደርግ ባልቻለ ነበር ብሎ ይሟገታል። በየመካከሉ «አላውቅም» ማለት አያሳፍረውም። ፈሪሳውያን ግን «እናውቃለን፣ እናውቃለን» እያሉ በየጥያቄው ወደ ባሰ ጨለማ ይገባሉ። በመጨረሻ እኛ ደግሞ ዕውሮች ነን? ሲሉ፣ ዕውሮችስ ብትሆኑ ኃጢአት ባልሆነባችሁ ነበር፤ አሁን ግን እናያለን ትላላችሁ የሚል መልስ አገኙ። ቲሬስያስ ለኤዲፐስ የተናገረው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ልዩነቱ የሚመጣው ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ነው። በቴብስ ብርሃኑ ያጋልጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው ነገር የለውም። ኤዲፐስ ከአገር አስወጡኝ ብሎ ይለምናል፤ የዮካስታ ወንድም ክሬዎንም ሁሉን የምትመግበውን ፀሐይ አክብሩ፣ እንዲህ ያለውን ርኩሰት አታሳዩአት፣ ወደ ቤት አስገቡት ይላል። ሰውየው ከብርሃን ይሸሸጋል ማለት ነው። በኢየሩሳሌም የተፈወሰውንም ሰው ወደ ውጭ አወጡት። ወንጌላዊው ግን ኢየሱስ ወደ ውጭ እንዳወጡት ሰምቶ እንዳገኘው ይጽፋል። የዓለም ብርሃን ነኝ ያለው ራሱ የተጣለውን ፈልጎ ሄደ።

ይህ ሰው ዐይኑ የበራው በሰሊሆም ታጥቦ ነው፤ ሲቀባው ገና አያይም ነበር። ስለዚህ በጎረቤቶቹና በፈሪሳውያን ፊት የመሰከረው ሁሉ ፊቱን ገና ስላላየው ጌታ ነበር። በእግዚአብሔር ልጅ ታምናለህን? ሲለው፣ አምን ዘንድ እርሱ ማን ነው? ብሎ ጠየቀ። ኢየሱስም «አይተኸዋል፤ ከአንተ ጋርም የሚናገረው እርሱ ነው» አለው።