ስለ ሮበርት ሌዋንዶውስኪ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች እና እውነታው

ስለ ፖላንዳዊው አጥቂ ሮበርት ሌዋንዶውስኪ ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚሰሙት ቃላት ለዓመታት አልተቀየሩም። “የፍፁም ቅጣት ምት ተጫዋች ነው”፣ “ለአገሩ ምንም አልሠራም”፣ “ትልቅ ቡድን ውስጥ ማንም ያገባል” ይባላል። በአገራችን አብዛኛው ተመልካች ዓይኑ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ስለሆነ፣ የእንግሊዝ ክለብ ማልያ ለብሶ የማያውቅ ተጫዋች ላይ ፍርድ ለመስጠት ይቸኩላል። እኔን ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ሰውዬው የደረሰበት የደረሰው ለፍቶ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ከልጅነቱ ጀምሮ ኮከብ ነበር”

አልነበረም። በ1988 ዋርሶ ተወልዶ ያደገው ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ሌሽኖ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ጁዶ፣ እናቱ መረብ ኳስ የተጫወቱ ስፖርተኞች ነበሩ። አባቱ በ2005 ሲያርፉ ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በዋና ከተማዋ ትልቅ ክለብ በሌጊያ ዋርሶ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ሳለ ጉዳት ደረሰበት፤ ክለቡም ውሉን ሳያድስለት አሰናበተው።

ከዚያ የተቀበለው ዝኒች ፕሩሽኩፍ የሚባል ትንሽ ክለብ ነው። በ2006/07 በሦስተኛው ዲቪዚዮን 15 ግብ፣ በቀጣዩ ዓመት በሁለተኛው ዲቪዚዮን 21 ግብ አግብቶ ሁለቱንም ጊዜ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ። በ2008 ወደ ሌክ ፖዝናን አመራ። በ2009/10 በፖላንድ ዋናው ሊግ 18 ግብ አስቆጥሮ በዚያም አንደኛ ወጣ፤ ክለቡም ዋንጫውን አነሳ። ከአገሩ ሦስት ከፍተኛ የሊግ እርከኖች አንዱንም ሳይዘል፣ ሁሉንም በግብ አስቆጣሪነት መርቶ ነው የወጣው።

በነገራችን ላይ ስሙንም የምንጠራው አሳስተን ነው። በፖላንድኛ የእንግሊዝኛው “ደብሊው” የሚነበበው “ቭ” ተብሎ ስለሆነ የአገሩ ሰዎች “ሌቫንዶፍስኪ” ይሉታል። እኛ ዘንድ የለመደው አጻጻፍ ሌላ ስለሆነ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

“የእሳተ ገሞራው ወሬ ተረት ነው”

ተረት አይደለም፤ ወሬው እውነት ነው። በ2010 የጸደይ ወራት የእንግሊዙ ብላክበርን ሮቨርስ ፈልጎት ነበር። ተጫዋቹ ሄዶ ክለቡን ሊጎበኝ ሲዘጋጅ በአይስላንድ የፈነዳው እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ዘጋው፤ በረራውም ተሰረዘ። ይህን ራሱ ተናግሯል። ይሁን እንጂ “አመዱ ባይኖር ኖሮ ብላክበርን ይገባ ነበር” ማለት ከታወቀው በላይ መናገር ነው፤ ጉብኝት ፊርማ አይደለም።

“ዶርትሙንድ እንደገባ ሁሉንም አስደነቀ”

በጀርመኑ ክለብ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ በሊጉ ያገባው 8 ግብ ብቻ ነበር። ዋናው አጥቂ ፓራጓያዊው ሉካስ ባሪዮስ ስለነበር እሱ ብዙውን ጊዜ ወይ ተቀይሮ ይገባ ነበር፣ ወይ ከአጥቂው ኋላ ይሰለፍ ነበር። በዚያን ወቅት ከአሠልጣኙ ከየርገን ክሎፕ ጋር ውርርድ ገጥመው እንደነበር ሌዋንዶውስኪ ተርኳል። በአንድ ልምምድ 10 ግብ ካገባ ክሎፕ 50 ዩሮ ይከፍሉታል፤ ካላገባ እሱ ይከፍላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጊዜው ከፋዩ ተጫዋቹ ነበር። ወራት ሲያልፉ ነገሩ ተገለበጠና ክሎፕ “ይበቃል” ብለው ውርርዱን አቆሙት።

በ2011 መስከረም መጨረሻ ዶርትሙንድ ማርሴይ ላይ 3 ለ 0 ሲሸነፍ ሌዋንዶውስኪ ግራ ተጋብቶ ነበር። ከአሠልጣኙ ጋር ረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ አወራ፤ ንግግሩ አባቱ በሕይወት ቢኖሩ ከእሳቸው ጋር ሊያደርገው የሚችለውን ዓይነት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ከቀናት በኋላ አውግስቡርግ ላይ ሦስት ግብ አገባ። በዚያው የውድድር ዘመን በሊጉ 22 ግብ አስቆጥሮ፣ በጀርመን ዋንጫ ፍጻሜም ባየርን ሙኒክን 5 ለ 2 ሲረቱ ሦስቱን አግብቶ ሁለቱንም ዋንጫዎች አነሱ።

“ባየርን በገንዘብ ብዛት ከዶርትሙንድ ነጠቀው”

ለዝውውሩ ባየርን ለዶርትሙንድ አንድም ዩሮ አልከፈለም። በ2014 የገባው ውሉን እስከ መጨረሻው ቀን ጨርሶ ነው። ለመሄድ ባሰበበት በዚያ የመጨረሻ ዓመት እንኳን 20 ግብ አግብቶ የቡንደስሊጋው (የጀርመን ዋናው ሊግ) ቀዳሚ ነበር።

“ፍፁም ቅጣት ምት ባይኖር ምንም አይደለም”

ኳሱን አስቀምጦ፣ ሩጫውን መሐል ላይ ገታ አድርጎ፣ ግብ ጠባቂው ወደየት እንደሚወድቅ አይቶ የሚመታው ምት ስለሚታወቅ ይህ አመለካከት ተስፋፍቷል። ብዙ ፍፁም ቅጣት ምት ማግባቱም እውነት ነው። ይሁንና በ2013 ሪያል ማድሪድ ላይ ካስቆጠራቸው አራት ግቦች ሦስቱ በጨዋታ የተገኙ ናቸው፤ አራተኛው ብቻ ነው ፍፁም ቅጣት ምት። ሪከርድ በሰበረበት 2020/21 ካገባቸው 41 የሊግ ግቦችም የፍፁም ቅጣት ምት የሆኑት 8 ብቻ ነበሩ።

ከሁሉም በላይ ግን መስከረም 2015ን አስታውሱ። ባየርን በሜዳው በቮልፍስቡርግ 1 ለ 0 ተመርቶ ለእረፍት ወጣ። ሌዋንዶውስኪ ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ ገባ። በ51ኛው ደቂቃ ከቅርብ ርቀት አገባ። በ52ኛው ከሳጥኑ ውጪ ዝቅ ያለ ኳስ መትቶ ደገመ። በ55ኛው ኳሱ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰችበት፤ አልተዋትም፣ ደጋግሞ መትቶ መረብ ላይ አሳረፋት። በ57ኛው የዳግላስ ኮስታን ኳስ አስገባ። በ60ኛው ደቂቃ የማሪዮ ገትዘ ኳስ በአየር ላይ እንዳለች ሰውነቱን አጋድሞ በመቀስ ምት ላካት። ካሜራው ወደ አሠልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ ሲዞር ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። በዘጠኝ ደቂቃ አምስት ግብ፣ አንድም ፍፁም ቅጣት ምት የለበትም።

“የጌርድ ሙለርን ሪከርድ ሁሉ ሰብሯል”

የሰበረው የአንድ የውድድር ዘመኑን ነው። የቀድሞው የባየርን አጥቂ ሙለር በ1971/72 ያስቆጠረው 40 ግብ ለ49 ዓመታት ቆይቶ ነበር። ሌዋንዶውስኪ በ29 ጨዋታ 41 አደረሰው፤ የመጨረሻዋም የገባችው በመጨረሻው ጨዋታ መገባደጃ ላይ ነው። 40ኛዋን ሲያስቆጥር ማልያውን አንስቶ የሙለር ምስል ያለበትን ካናቴራ አሳየ። በጠቅላላ የቡንደስሊጋ ግብ ግን ሙለር በ365 አሁንም አንደኛ ነው፤ ሌዋንዶውስኪ በ312 ይከተላል።

“የ2020ውን ባሎንዶር ሜሲ ወሰደበት”

በየዓመቱ ለዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው ባሎንዶር በ2020 ለማንም አልተሰጠም። አዘጋጁ ፍራንስ ፉትቦል መጽሔት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰረዘው። የሚያሳዝነው ሌዋንዶውስኪ በዚያ የውድድር ዘመን በቡንደስሊጋ 34፣ በጀርመን ዋንጫ 6፣ በሻምፒዮንስ ሊግ 15 ግብ አግብቶ ሦስቱንም ውድድሮች በግብ መምራቱ፣ ባየርንም ሦስቱንም ዋንጫ ማንሳቱ ነው። ሜሲ የበለጠው በ2021 ነው፤ 613 ለ580 ነጥብ። መድረክ ላይ ቆሞ የ2020ው ሽልማት ለሌዋንዶውስኪ ይገባው እንደነበር የተናገረውም ራሱ ሜሲ ነው። እኔ ያ ሽልማት መሰረዙ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ።

“ባርሴሎና የገባው ጡረታ ሊወጣ ነው”

በ34 ዓመቱ ዋዜማ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት 23 ግብ አስቆጥሮ የላ ሊጋው (የስፔን ዋናው ሊግ) ቀዳሚ ሆነ። በ2024/25፣ በ36 ዓመቱ፣ 27 አገባ። በዚያው ዘመን በሻምፒዮንስ ሊግ 100ኛ ግቡን አስቆጠረ፤ ከእሱ በፊት እዚያ የደረሱት ሮናልዶና ሜሲ ብቻ ናቸው።

“ለአገሩ ምንም አልሠራም”

ከእሱ በፊት የፖላንድ ሪከርድ የቮጂሚዬሽ ሉባንስኪ 48 ግብ ነበር። ሌዋንዶውስኪ ይህን በ2017 አልፎ ከ80 በላይ አድርሶታል። ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ብቻውን 16 ግብ አስቆጥሯል። ትችቱ መሠረት ያገኘው በዋናው መድረክ ነው፤ በሩሲያ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ምንም አላገባም፤ ፖላንድም ከምድቧ የመጨረሻ ሆነች። በ2022 ኳታር ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ የመታውን ፍፁም ቅጣት ምት የሜክሲኮው ኦቾዋ አዳነበት።

አምስተኛው የዓለም ዋንጫ ጨዋታው ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ነበር። የመጀመሪያዋን ግብ ለዚየሊንስኪ አመቻችቶ ሰጠ። በ82ኛው ደቂቃ የሳዑዲ ተጫዋች ኳስ መቆጣጠር ሲያቅተው ቀድሞ ነጠቀውና ወደ ግቡ ላካት። ገባች። 34 ዓመቱ ነው፣ ያላነሳው የክለብ ዋንጫ የለም ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን ሳሩ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ጓደኞቹ ሲያነሱት ዓይኖቹ በእንባ ተሞልተው ነበር።