«ሁለት ሳምንት ቀድሞ መናገር» ግዴታ ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጅ የሚጠብቁ እህቶቻችን ደጋግመው ይጠይቃሉ። የተሻለ የሚከፍል ቤት አገኘሁ፤ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ሳልናገር ብወጣ የሠራሁበት ገንዘብ ይቀርብኛል?

አይቀርብሽም። በእነዚህ ቦታዎች ሌላ የሚል ውል ካልፈረማችሁ በቀር አንቺም በማንኛውም ጊዜ መልቀቅ ትችያለሽ፣ ቤተሰቡም ማሰናበት ይችላል። ሁለት ሳምንት የሚባለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የሠራሽበት ገንዘብ ግን ያንቺ ነው። በሰዓት 25 ዶላር የሚከፈላት ሞግዚት ሰኞና ማክሰኞ 16 ሰዓት ሠርታ ረቡዕ ብትለቅ፣ 400 ዶላሯን ታገኛለች። ታክስ ሊቀነስ ይችላል፤ «ሳትነግሪን ስለወጣሽ» ተብሎ ግን አይያዝም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቢዘገይ እስከ ቀጣዩ መደበኛ የደመወዝ ቀን መከፈል አለበት።

የሚለያየው ያልወሰድሽው የዕረፍት ቀን ክፍያ ነው። እሱ እንደ ውልሽና እንደ ቦታው ይወሰናል። ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት የፈረምሽውን ወረቀት አንብቢ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። ስትነግሪያቸው «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ይበቃል» ሊሉሽ ይችላሉ። የማትሠሪበትን ሁለት ሳምንት የመክፈል ግዴታም በአብዛኛው የለባቸውም። በተለይ እዚያው ቤት የምታድሪ ከሆነ ማረፊያሽን አስቀድመሽ አስቢ። አዲሱ ቤት የሚጀምርበትን ቀንና ክፍያውን በጽሑፍ ሳይልክልሽ አትናገሪ።

እኔ ግን ከቻልሽ ጊዜ ስጪያቸው እላለሁ። ልጁ ለምዶሻል፤ ቀጣዩ ቀጣሪም ደውሎ ስለ አንቺ መጠየቁ አይቀርም። አጭር መልእክት ይበቃል፦ «የመጨረሻ የሥራ ቀኔ በዚህ ቀን ነው፤ እስከዚያ እንደወትሮው እሠራለሁ።»