ዛፉን መቁረጥ ቀላል ነው፣ ብሩ የሚያልቀው ከመሬት በታች ነው

ደሴ ዳር ከአባታችን የቀረ፣ ባህር ዛፍ የሞላበት ይዞታ አለን። ወንድሜ «ቤት ልሰራበት ነው» ብሎ አፉን ከከፈተባት ቀን ጀምሮ የማይመክረን ሰው አልነበረም። ጎረቤቱም ያውቃል፣ አናጢውም ያውቃል፣ ሻይ ቤት የተቀመጠውም ያውቃል። ከምክሩ ግማሹን ብንሰማ ኖሮ መሰረት ሳናወጣ ብራችን ያልቅ ነበር። ወሎ ውስጥ ዛፍ ያለበት ቦታ ላይ ልትሰሩ ያሰባችሁ ካላችሁ የሰማነውን ከነእውነታው ላካፍላችሁ። የብር ዋጋ አልጠራም፣ የዛሬው ለመጪው ወር አይሆንም።

«ዛፉ ራሱ ወጪውን ይሸፍናል»

በጣም የሚያታልለው ይሄኛው ነው። እውነት ነው፣ ነጋዴ መጥቶ በቁሙ ይገዛችኋል። ግን የሚፈልገው ቀጥ ያለውን ነው፤ ለቋሚ፣ ለአጣና፣ ለማገር የሚሆነውን። ጎባጣው፣ ቅርንጫፉና ጉቶው ለእናንተ ይቀራል።

እኛ ሳናውቅ የተሸወድነው አንድ ነገር አለ። ነጋዴ ዛፉን ከመሬት አስጠግቶ ነው የሚቆርጠው፤ ወፍራሙ እንጨት ታች ስለሆነ አይፈረድበትም። ችግሩ ጉቶው አፈር ላይ ተለጥፎ ሲቀር ሰንሰለት የሚታሰርበት፣ የቁፋሮ ማሽን የሚገፋው ነገር አይኖረውም። ወገብ ድረስ ቁመት ቢተውለት ኖሮ ያ ግንድ እንደ እጀታ ሆኖ ሥሩን ይነቅል ነበር። ስለዚህ ገና ስትዋዋሉ «ቤቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያሉትን ከፍ አድርገህ ቁረጥ» በሉት። ትንሽ ዋጋ ይቀንስባችኋል። ቅሬታውን ቻሉት፣ የቀነሰባችሁን ማሽኑ ኪራይ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቅጠሉንና ጭራሮውን ለማስጫን ግን ብር አትክፈሉ። «የምጣድ ማገዶ የሚፈልግ ይውሰድ» ብላችሁ ለሰፈሩ ንገሩ። እኛ ጋ ሐሙስ ከሰዓት ነግረን ቅዳሜ ጠዋት አንድ እፍኝ ቅጠል አልቀረም።

«ከተቆረጠ በኋላ ይደርቃል»

ባህር ዛፍ? አይደርቅም! ገበሬው ለምን እንደሚወደው ረሳችሁት? አንዴ ተክሎ ከአንዱ ጉቶ ደጋግሞ የሚቆርጠው ስለሚያቆጠቁጥ ነው። አንድ ግንድ ቆርጣችሁ ስትመለሱ ዙሪያውን አምስት ስድስት ቀንበጥ ይጠብቃችኋል። ለማገዶ ጥሩ ነው፣ ለሳሎን ወለል ግን አይሆንም።

ይሄኔ ነው ደግሞ ሌላ ምክር የሚመጣው። «ጨው ነስንስበት፣ የተቃጠለ ዘይት አፍስስበት።» አንድ ሽማግሌ «ሰኞ ባቲ ወርዳችሁ የአፋር ጨው በጆንያ አምጡ» ብለውን ነበር። ለምክራቸው አላህ ይስጣቸው፣ ግን ቤት የሚሰራበት ቦታ ላይ ጨው አይሞከርም። ጨው አፈር ውስጥ ቆይቶ በእርጥበት ወደ ኮንክሪቱ ይገባና ብረቱን ያዝገዋል። ጉቶ ገደልኩ ብላችሁ ፌሮ ልትገድሉ ነው። ማቃጠልም ያው ነው፤ ሥሩ ውስጥ ውስጡን ለቀናት ይጨሳል፣ ሲያልቅ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል፣ ያንን ጉድጓድ መልሶ መሙላትና መጠቅጠቅ የእናንተ ሥራ ነው።

«አፈር አልብሰነው ብንሰራስ?»

አይሆንም። ጉቶ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ከላዩ ያለው ወለል ይሰምጣል። የመሰረቱ ቁፋሮ የሚያርፍባቸውን ጉቶዎች ግን ለብቻ ማስነቀል አያስፈልግም፤ ቁፋሮው ራሱ ያወጣቸዋል። ስለዚህ ማሽኑን ሁለቴ አትጥሩ። መሃንዲሱ መጀመሪያ የቤቱን መስመር በካስማና በገመድ ያውጣላችሁ፣ ከዚያ ጉቶውም ቁፋሮውም በአንድ ጉዞ ይለቅ። እኛ ይሄን የሰማነው ማሽኑ አንዴ መጥቶ ከሄደ በኋላ ነው።

«ቦታ ማጽዳት በካሬ ስንት ነው?»

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው፣ መልስ የሌለውም እሱ ነው። ሁለት እኩል 200 ካሬ ቦታዎች ውሰዱ። አንዱ ሜዳ ላይ ነው፣ ያሉት ቀጫጭን ዛፎች ናቸው፣ መንገድ በሩ ድረስ ይገባል። ሌላው ቁልቁለት ላይ ነው፣ የሰላሳ ዓመት ግንድ አለው፣ መግቢያው በሰው ግቢ ነው። የሁለተኛው ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም።

በካሬ የሚቆጠረው የላይኛውን አፈር መግፈፍ ነው። በግንባታ የዋጋ ዝርዝር ላይ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ይባላል፤ ሥርና ብስባሽ ያለበት አፈር ክብደት ስለማይሸከም መነሳት አለበት። አሁን አስሉት። 200 ካሬ በ20 ሴንቲ 40 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ደግሞ ይነፋል፤ በሩብ ጨመረ ብትሉ 50 ይሆናል። ባለ 16 ኩቡ ሲኖትራክ አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ ጉቶው ሳይቆጠር። እኛ ጋ የማሽኑን ብር አሰብን እንጂ የሲኖውን ማን አስቦት! አፈሩ ጥሩ ከሆነ ግን ጓሮ የሚያለማ ጎረቤት ፈልጉ። ወስዶላችሁ ያመሰግናችኋል።

ማሽን ስትከራዩም የሰዓቱን ብቻ አትጠይቁ። ከነናፍጣው ነው ወይስ ያለ ናፍጣ? ትንሹ የሥራ ሰዓት ስንት ነው? ማሽኑን ጭኖ የሚያመጣውና የሚመልሰው ተሽከርካሪ በማን ሂሳብ ነው? የሦስት ሰዓት ሥራ ይዛችሁ የሙሉ ቀን ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

«ደቦ ነፃ ነው»

ምሳው፣ ቡናው፣ ለሚቅመው ጫቱ! ብታሰሉት ለአስር ጉቶ በዶማና በዲጅኖ ደቦ ያዋጣል፣ ለስልሳ ጉቶ ግን አያዋጣም። ፍቅሩ ሌላ ነገር ነው።

«ቁልቁለቱ ችግር የለውም፣ ዛፉ ይዞት የለ?»

ይዞት ነበር። ስትቆርጡት ለቀቀው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል የተሰካች ከተማ ናት፣ የመሬት መንሸራተትንም ታውቀዋለች። ተንኮሉ የዛፉ ሥር ወዲያው አለመበስበሱ ነው። የመጀመሪያው ክረምት በሰላም ያልፍና ሰው ይዘናጋል፣ ሥሩ እየበሰበሰ ሲሄድ አፈሩን የሚይዘው ነገር ይጠፋል። ቁልቁለት ላይ ከጽዳቱ ሁሉ በላይ የሚበላችሁ አፈር መያዣ ግንቡና የውሃ መውረጃው ነው። በጀት ስትይዙ ከዚያ ጀምሩ።

ሜዳ ላይ ያላችሁም አትሳቁብን። ጥቁር አፈር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ባህር ዛፍ ለዓመታት ውሃውን መጥጦ አድርቆታል፤ ዛፉ ሲነሳ አፈሩ ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ ወለሉንና ግድግዳውን ወደ ላይ ይገፋል። ቢቻል ቆርጣችሁ ዝናብ ይለፍበት። ጊዜ ከሌላችሁ የመሰረቱን ጥልቀት የአፈሩን ጠባይ በሚያውቅ መሃንዲስ አስወስኑ።

የወቅቱም ነገር አለ። ሌላው አገር ከመስከረም በኋላ እስከ ግንቦት ደረቅ ነው ሊል ይችላል። እኛ በልግ አለን። ከየካቲት ወዲያ ማሽኑ ጭቃ ውስጥ ሲቀመጥ የሰዓቱ ሂሳብ አይቆምም። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ጨርሱት።

«የራሴ ግቢ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?»

የተከላችሁት ባህር ዛፍ የእናንተ ነው፣ መሬቱ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አገር በቀል ዛፍ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የ1986ቱ የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ዋንዛን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ሌላ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065/2010፣ መጣ። ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ዛፍ ካለ መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ቀበሌና ማዘጋጃ ጠይቁ።

እኛ ጋ አንዲት ወይራ አለች፣ ከአጥሩ ዳር። ወንድሜ «ትነሳ» ብሎ ነበር፣ እናታችን «ሞቼ» አሉ። መሃንዲሱ ቤቱን በወረቀት ላይ ሁለት ሜትር ገፋው። ለዚህ ያስከፈለን አንድ ስኒ ቡና ነው።