ሰው ሠራሽ ኮርኒያ፦ የኢንፌክሽን ስጋትና የእይታ ውጤት

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ለፊት የሚገኝ፣ ብርሃን የሚያስገባ ጥርት ያለ ሽፋን ነው። በጠባሳ፣ በኬሚካል ቃጠሎ ወይም በተመላላሽ ሕመም ሲደፈርስ የተለመደው ሕክምና ከሟች ለጋሽ በተወሰደ ኮርኒያ መተካት ነው። ይህ ንቅለ ተከላ ለብዙዎች ብርሃናቸውን መልሷል። ሆኖም ሰውነታቸው የተተከለውን ደጋግሞ የማይቀበል፣ ወይም የዓይናቸው ገጽ እጅግ የተጎዳ ሕሙማን አሉ። ሰው ሠራሽ ኮርኒያ የሚታሰበው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ጊዮም ፔሊዬ ደ ኬንግሲ የደፈረሰ ኮርኒያን በመስታወት የመተካት ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1789 ነው። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ግን ክላስ ዶልማን በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ለዓመታት ያዳበሩት፣ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1992 የፈቀደው ቦስተን ኬራቶፕሮስቴሲስ የተባለው ሰው ሠራሽ ኮርኒያ ነው። ቅርጹ ሁለት ራስ ያለውን የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላል። ከፊት ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሌንስ፣ ከኋላ ከፕላስቲክ ወይም ከቲታኒየም የተሠራ ዝርግ ክብ አለው፤ የለጋሽ ኮርኒያ በሁለቱ መካከል ይገባል። ሐኪሙ ክፍሎቹን ከገጣጠመ በኋላ እንደ ማንኛውም ንቅለ ተከላ በዓይን ላይ ይሰፋዋል። የኋላው ክፍል የተበሳሳው በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ አልፎ የለጋሹን ሥጋ እንዲመግብ ነው።

የኢንፌክሽን ስጋቱ የሚመነጨው ከዚሁ አሠራር ነው። ፕላስቲክና ሥጋ እንደ ቁስል ጠርዞች ተጋጥመው አይድኑም። የሌንሱ ግንድ ከውጭ ወደ ዓይን ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ በዙሪያው ያለው ሥጋ ከሳሳ ወይም ከሟሟ በዓይን ቆብና በእንባ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መግቢያ ያገኛሉ። ከሁሉም የሚፈራው የዓይን ውስጠኛ ክፍል ኢንፌክሽን ነው። በብዙ ድካም የተመለሰ እይታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል። በዓይን ላይ የሚታይ መቅላት፣ ሕመም፣ ፈሳሽ ወይም ድንገተኛ የእይታ መቀነስ በዚያው ዕለት መታየት አለበት፤ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ ከዓይን ውስጥ ናሙና ወስዶ አንቲባዮቲክ እዚያው ይወጋል፤ አንዳንዴም መሣሪያው ራሱ መውጣት ይኖርበታል።

ስጋቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። በርካታ ንቅለ ተከላ የከሸፈባቸው ነገር ግን እንባቸውና የዓይን ቆባቸው ጤነኛ የሆኑ ሰዎች የተሻለ ዕድል አላቸው። በኬሚካል የተቃጠሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም (ቆዳንና የዓይንን ገጽ የሚያቆስል ከባድ ሕመም) ወይም ራሱን የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ ያደረሰው ጠባሳ ያለባቸው ሕሙማን ለሥጋ መሟሟትም ለኢንፌክሽንም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ስለዚህ ሕመምተኛው የአንቲባዮቲክ ጠብታ የሚወስደው ለሳምንታት ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ነው። ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ጠብታ በዕለታዊው መከላከያ ውስጥ መግባቱ በባክቴሪያ የሚመጣውን ጉዳት በግልጽ ቀንሷል። ይህ ጠብታ በመድኃኒት ባለሙያ ተዘጋጅቶ በቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ አቅርቦቱ ሲቋረጥ ዓይኑም ያለ ጥበቃ ይቀራል። የዓይኑ ገጽ እንዳይደርቅ ሰፊና ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ቀንም ሌሊትም ይደረጋል። ሌንሱ ሲቀየር ብዙ ሐኪሞች ፖቪዶን አዮዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያንጠባጥባሉ፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲገታ ፈንገስ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። በእኔ እምነት የዕድሜ ልክ ጠብታና ክትትል ማግኘት የማይችል ሰው ዘንድ ቀዶ ሕክምናውን ማድረግ ሕመምተኛውን ለሌላ ጉዳት ማጋለጥ ነው።

የእይታው ውጤት መጀመሪያ ላይ አስደናቂ ነው። ሌንሱ ወዲያው ጥርት ያለ ስለሆነ ለዓመታት እጅ ሲወዛወዝ ብቻ ያይ የነበረ ሰው በቀናት ውስጥ ፊት ሊለይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ በ17 ማዕከላት የተደረጉ 141 ቀዶ ሕክምናዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከቀዶው በኋላ 57 በመቶ የሚሆኑት ዓይኖች 6/60 ወይም ከዚያ የተሻለ እይታ እንዳገኙ አሳይቷል። 6/60 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር ርቀት የሚለየውን ከ6 ሜትር ላይ መለየት ነው። ግን የዚያ ጥናት አማካይ ክትትል አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚገባው ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚኖረው ነው፤ እይታውን ማግኘት ከመጠበቁ ይቀላልና።

ከዓመታት በኋላ እይታን ከሚቀንሱት ምክንያቶች ዋነኛው ግላኮማ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ጋር የሚያያዝ የዓይን ነርቭ ጉዳት ነው። ብዙዎቹ ሕሙማን ከቀዶው በፊትም አለባቸው፤ ከቀዶው በኋላ ደግሞ ይብስባቸዋል። የተለመደው የግፊት መለኪያ የሚሠራው ኮርኒያውን በመጫን ስለሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ አያገለግልም። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ወደ ታች እንዲመለከት አድርጎ፣ በላይኛው የዓይን ቆብ ላይ ሁለቱን ሌባ ጣቶቹን ያሳርፍና በየተራ ቀስ እያለ እየተጫነ ጥንካሬውን በጣቱ ይገምታል። ግምት ስለሆነም የዓይን ነርቭ ምርመራና የእይታ ሜዳ ምርመራ አብረው በየጊዜው ይደረጋሉ። አስቀድሞ የግላኮማ ፈሳሽ ማስወገጃ ቱቦ የሚያስገቡ ሐኪሞችም አሉ። ከሌንሱ ኋላ የሚበቅለው ስስ ሽፋንም የተለመደ ችግር ነው፤ ቀጭን ሳለ በሌዘር ይቀደዳል። የሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) መላቀቅ ከእነዚህ ያነሰ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው።

እንባ ፈጽሞ ለሌለው ዓይን ሌላ መንገድ አለ። ጣሊያናዊው ቤኔዴቶ ስትራምፔሊ በ1960ዎቹ በጀመሩት ዘዴ ሌንሱ የሚያዘው ከሕመምተኛው ጥርስና ከዙሪያው አጥንት በተሠራ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ለወራት በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ተቀብሮ ሥጋ ካበቀለ በኋላ ወደ ዓይን ይሸጋገራል፤ ላዩም ከአፍ ውስጥ በተወሰደ ስስ ሽፋን ይሸፈናል። መልኩ ለማየት ይከብዳል፣ ቀዶውም ረጅምና ባለብዙ ደረጃ ነው። ነገር ግን የራስ አካል ስለሆነ በደረቅ ዓይን ላይ ለአሥርተ ዓመታት የቆየባቸው ሕሙማን አሉ። አጥንቱ ቀስ በቀስ ከሟሟ ግን ፈሳሽ ማፍሰስና ኢንፌክሽን ስለሚከተል፣ ውፍረቱ በየጊዜው በሲቲ ስካን ይታያል።