ዜኦላይት ምንድን ነው? ማንስ ነው የፈላው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ዜኦላይት ማለት እሳተ ገሞራ ውስጥ ፈልቶ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል» ሲል ሰማሁ። ስንተኛው እንደሆነ እንጃ። ወዳጄ፣ ትርጉሙን አልሳትክም፤ የፈላውን ነው የሳትከው።

በግሪክኛ «ዜኦ» መፍላት፣ «ሊቶስ» ድንጋይ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1756 ያወጣው ስዊድናዊው የማዕድን ተመራማሪ አክሰል ክሮንስቴት ግን እሳተ ገሞራ አጠገብ አልነበረም። በቱቦ እየነፋ ነበልባል ወደ ድንጋዩ ይልካል። ድንጋዩ አበጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ተንተከተከ።

የፈላው ውስጡ ያለው ውሃ ነው። ኮንዶሚኒየም አስቡ። ግድግዳው ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው። ሶዲየምና ካልሲየም ውል ያላቸው ተከራዮች ናቸው፤ ውሃ ግን እንግዳ ነው። ሙቀት ሲመጣ እንግዳው ግር ብሎ ይወጣል። ክሮንስቴት ያየው ይህን ግርግር ነው። ረጋ ብለው ካሞቁት ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። ተከራይ ግን ምትክ ሳያመጣ አይለቅም፤ አንድ ካልሲየም ሲገባ ሁለት ሶዲየም ይወጣል። በሩም ከአንድ ናኖሜትር ስለሚጠብ ግዙፍ ሞለኪውል ደጅ ይቀራል።

ደግሞ ሁሉም ሕንፃ እንግዳው ሲወጣ አይቆምም። ሂውላንዳይት የሚባለው የዜኦላይት ዓይነት 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ካደረ ይፈርሳል፤ መንትያው ክሊኖፕቲሎላይት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ «ዜኦላይት ሙቀት ይችላል» ስትሉኝ «የትኛው?» እላለሁ።

አወላለዱስ? ቅልጥ አለት ውስጥ አይደለም። ላቫው ወይም አመዱ ካረፈ በኋላ ውሃ እየሰረገ ነው የሚያበጀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 ዲግሪ በታች። (አናልሳይም የሚባለው ዜኦላይት ከማግማ፣ ማለትም ከቅልጥ አለት፣ በቀጥታ ይወጣል አይወጣም የሚል የቆየ ክርክር አለ። ባልደረቦቼ እንዳይጮሁብኝ ነው የጠቀስኩት።)

ካላመናችሁኝ ከላቫ የተሠራውን የደጋችንን ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልትን፣ ስበሩ። ጋዝ ትቶት በሄደው ቀዳዳ ውስጥ፣ ዕድል ከቀናችሁ፣ የመርፌ እሽግ የመሰለ ነጭ ዜኦላይት ታገኛላችሁ። መርፌዎቹ ከቀዳዳው ግድግዳ ተነስተው ወደ መሃል ነው የሚያድጉት። ቀዳዳው ቀድሞ ነበረ ማለት ነው፤ ነጩ ኋላ የመጣ ነው።